የመሪጌታ ኢያቄም አርባ

ሽግግር የወንዶች የሕይወት ማሠልጠኛና ማማከሪያ
ላሊበላ
ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ኢያቄም
ኩልመስክ

ጉዳዩ፦ የኀዘን መግለጫ

የድርጅታችን ብቸኛ የደንበኛ ወንበር ባደረበት የእግር ሕመም ሲሠቃይ ቆይቶ መስከረም 28 ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አንድ ደንበኛ ሥራ ማጣቱን በማስረዳት ላይ ሳለ ድንገት ተሰብሮ ከአገልግሎት የተለየ መሆኑን የምንገልጸው በጥልቅ ኀዘን ነው። ወንበሩ በሕይወት ዘመኑ የብዙ ወንዶችን ጭንቀት ያለ ማጉረምረም ተሸክሟል። ደንበኛው ጉዳት አልደረሰበትም፤ ሥራ ማጣቱ ግን እንዳለ ነው። ተተኪ ወንበር እስኪገኝ ድረስ አገልግሎታችን በደብዳቤ ብቻ የሚሰጥ ይሆናል።

የኔታ፣ እስከዚህ ድረስ የድርጅቱ ነው፤ ከዚህ በታች የእኔ ነው። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሾፌሩ ሙሐዲን ደብዳቤዎን ከሚኒባሱ መስኮት ሲያቀብለኝ ጽሕፈትዎን ዐወቅሁና ሁለቱንም እጆቼን ከኋላዬ ደበቅሁ። ከዜማ ቤትዎ ከወጣሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እጄ ግን አርጩሜዎን አልረሳም።

ለጠየቁኝ ሁሉ በተራ እመልሳለሁ። አዎ፣ አስጎብኚነቱን ትቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ጎብኚው ነው የተወኝ። አዎ፣ በዚህ ሥራ ሠልጥኛለሁ፤ ደሴ ሦስት ሙሉ ቀን፣ ምሳን ጨምሮ። አይ፣ የንስሐ አባትዎን ሥራ አልነጠቅሁም፤ የንስሐ አባት ያለፈውን ይጠይቃል፣ እኛ የሚመጣውን። አይ፣ አላገባሁም፤ በዚህ ምክንያት ስለ ትዳር ያለኝ ፍርድ አልተበላሸም።

የጉዳይዎን ፍሬ ነገር እንደ ደንባችን ልድገመው። እትዬ ጥሩነሽ በነሐሴ መጨረሻ ለወንድማቸው ለአቶ ሞላ ልጅ ክርስትና ፍላቂት እንደሄዱ ቀርተዋል። «አልመለስም፤ ለበዓታ ቆብ ደፍቼ እመነኩሳለሁ» ብለው ልከዋል። ባል በቁሙ ሳለ ሚስት ሳይሰነባበቱ መመንኮስ ስለማትችል የእርስዎን ፈቃድ ጠይቀዋል። እርስዎ አልፈቀዱም። የሚፈልጉት እንዲመለሱ ነው። በዓታ ታኅሣሥ 3 ነች። ሁለት ወር ከሁለት ቀን ቀርቶናል ማለት ነው።

ለጊዜው ይህን ይሥሩ፦ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍለው በአንድ ወገን «ያጠፋሁት»፣ በሌላው «ያላጠፋሁት» ብለው ይጻፉ።

ተማሪዎ
ሰይፈ ሥላሴ
መሥራች፣ ሥራ አስኪያጅና ዋና አሠልጣኝ


ኩልመስክ
ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰይፈ ሥላሴ

እንዴት ሰነበትህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህ ለሰላምታ ያህል ነው፤ ደኅና አይደለሁም።

ደብዳቤህን አርሜ ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ። ስድስት ቦታ ቀይ አለበት። ከአሥር አራት ሰጥቼሃለሁ፤ አራቱም ለወንበሩ ነው።

የሰጠኸኝን ሠራሁ። «ያላጠፋሁት» የሚለው ወገን ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞረ። «ያጠፋሁት» የሚለው ባዶ ሆነ። ባዶ መልስ መስጠት ልማዴ ስላልሆነ ባለፈው ዓመት አንድ ብርሌ መስበሬን ጻፍሁበት። አንተ ልጅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖረናል። ጥሩነሽን በክፉ ቃል አነጋግሬያት አላውቅም። ይህን በመዝገብህ በጉልህ አስፍርልኝ።

ሽማግሌ ልከው ያውቃሉ ወይ ብትለኝ፣ ሦስት ጊዜ ልኬያለሁ። የመጀመሪያዎቹ በልተው መጡ። ሁለተኛዎቹ በልተው ጠጥተው መጡ። ሦስተኛዎቹ «እርሷ ልክ ናት» ብለው መጡ።

ምን ይበላሉ ብትለኝ፣ ቆሎ። ጨው የት እንደምታስቀምጥ አላውቅም። ተማሪም የለኝም፤ የመጨረሻው በሐምሌ ሄደ። ጠዋት ጠዋት አውራ ዶሮው ሲጮኽ ዜማውን አርመዋለሁ፤ በቀን ውስጥ የምናገረው ይህን ብቻ ነው።

የምቀልድ አይምሰልህ። ጠዋት ማታ ቀኑን በጣቴ እቆጥራለሁ። ያ ቆብ አንድ ጊዜ ከራሷ ላይ ከዋለ የሚያወርደው የለም። እኔ ዜማ እንጂ ሌላ አልተማርሁም፤ ሰው እንዴት ተመለሽ እንደሚባል የሚያስተምር ጉባኤ ቤትም አላየሁም። የምታውቀው ካለ ቶሎ በል።

መሪጌታ ኢያቄም


ላሊበላ
ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔታ፣

ለአራቱ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ዘንድ ከሁለት አልፌ አላውቅም ነበር።

ባዶውን ወገን ሳይ ደንግጫለሁ። ደሴ የታደለን ጥራዝ በገጽ አሥራ አራት እንዲህ ያለውን ወንድ «ጥፋቱ የጠፋበት» ይለዋል፤ መድኃኒቱንም በገጽ አሥራ አምስት ያዝዛል። በአስጎብኚነት ዘመኔ ውቅር ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለእንግዳው እንደምለው፣ መግቢያው ዝቅ ያለ ነው፤ እባክዎ ራስዎን ዝቅ ያድርጉ።

አሮጌውን ሰው ይቀብሩታል። ጠባዩን በወረቀት ጽፈው ጓሮ ቆፍረው ይቅበሩት። ከዚያ አርባ ቀን ሙሉ ማንንም አያርሙም፤ ሰውም ቢሆን፣ አውራ ዶሮም ቢሆን። በአርባኛው ቀን ጎረቤት ጠርተው አዲሱን ሰው ያስተዋውቃሉ። ጥራዙ «ኬክ ይቆረሳል» ይላል፤ ኩልመስክ ላይ የተገኘውን ይጠቀሙ።

በሌላ ሰው ተሞክሮ ያውቃል ወይ ብለው ይጠይቁኛልና አስቀድሜ ልመልስ፤ በአሥራ ሁለት ደንበኞች ላይ ተሞክሮ ሠርቷል።

ሰይፈ ሥላሴ


ኩልመስክ
ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሰይፈ ሥላሴ፣

ተቀበረ። ጥቅምት 12፣ ለሚካኤል። ጥልቀቱን ስላልነገርኸኝ በሰው ልክ ቆፈርሁ፤ ወገቤ እስካሁን አልተቃናም። አመተ ጊዮርጊስ፣ ከአጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ፣ አንገቷን አስግጋ «የኔታ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ።

«አሮጌው ኢያቄም» አልኋት።

«እሰይ!» አለች። ከዚያ እንደማፈር ብላ «ነፍስ ይማር» ጨመረችበት።

ማረም መተዉ ይቻላል ወይ ብትለኝ፣ አይቻልም፤ ግን እያደረግሁት ነው። ዛሬ እሑድ ማኅሌት ላይ አንዱ ዜማውን ይዞ ገደል ገባ። መቋሚያዬን ጨብጬ ዝም አልሁ። ላብ አጠመቀኝ። ሰዎቹ ታምሜያለሁ ብለው ውኃ አመጡልኝ።

ኬክ ያልኸውን አላወቅሁትም። ሰው ተቀብሮ አርባው ሲሞላ የሚደረገውን ግን ከጥራዝህ ጸሐፊ የተሻለ ዐውቃለሁ። እርሱን ለእኔ ተወው።

መሪጌታ ኢያቄም


ላሊበላ
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔታ፣

በኋለኛው ደብዳቤዎ ላነሷቸው ሦስት ጥያቄዎች። አዎ፣ ዳስ ቢጣል ያምራል። አዎ፣ የሰው ብዛት አይጎዳም፤ ሰው በበዛ ቁጥር ለውጡ ይጸናል ይላል ጥራዙ። ሦስተኛውን «ወሬው ፍላቂት ቢደርስስ?» ብለዋል። ይድረስ እንጂ! እትዬ ጥሩነሽ ከእርስዎ አፍ ከሚሰሙት ከሰው አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

ቸኩያለሁ፤ ሙሐዲን ጥሩንባ እየነፋብኝ ነው።

ሰይፈ ሥላሴ


ኩልመስክ
ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሰይፈ ሥላሴ፣

አርባው ወጣ። ትናንት ጽዮን ማርያምም ስለነበረች ከሁለት ደብር ሰው መጣ። ፍየል ገዝቼ ነበር፤ የነቢያት ጾም ስለገባ ተረፈና ዳሱ ምሰሶ ሥር ቆሞ ሲያየን ዋለ። ከተሰበሰበው ሁሉ ከልቡ የተደሰተው እርሱ ነበር። ካህናቱ «በቁሙ ላለ ሰው ጸሎተ ፍትሐት አናደርስም» ብለው እንቢ አሉ፤ ስለዚህ ሳይጸልዩ በሉ።

ከምሳ በኋላ ስለ ሟቹ ንግግር ተደረገ። እኔ ፊታቸው ተቀምጬ ስለ አሮጌው ኢያቄም የሚያውቁትን ሁሉ ተናገሩ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ተራ የጠበቁ ሰዎች ነበሩ። አንዱን እንኳ አላረምሁም፤ ሁለት ቦታ ላይ ዓመተ ምሕረት ተሳስተዋል።

ሰይፉ፣ የሆነ ነገር ቀለለኝ። በሚመጣው ሳምንት ልብሴን አሳጥቤ ፍላቂት እወጣለሁ። ይህን ደብዳቤ አመተ ጊዮርጊስ ለሙሐዲን ትሰጥልኛለች፤ እኔ ወገቤን ይዞኝ ተኝቻለሁ።

አዲሱ ኢያቄም


ላሊበላ
ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔታ፣

ሰላምታው ይቆየኝ። ሰኞ የጻፉልኝን ሳነብ ስቄ ነበር። ትናንት ረቡዕ ሳቄ ቆመ።

ሙሐዲን ሰኞ ኩልመስክ ሲደርስ ዳስ ሲፈርስ አይቷል። «የማን ነው?» ሲል «የየኔታ ኢያቄም አርባ» ብለውታል። እርስዎን አላየም፤ ከአመተ ጊዮርጊስ የተቀበለውንም ደብዳቤ መርዶ የያዘ መስሎት እያዘነ ሰጥቶኝ ሄደ። ማክሰኞ ፍላቂት ወጥቶ ለአቶ ሞላ መርዶ ነግሯል፤ አልቅሶም ነገረ ይላሉ፣ ደግ ሰው ነው።

ትናንት መናኸሪያ ስደርስ እትዬ ጥሩነሽ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከሚኒባሱ ወረዱ። ላሊበላ አድረው ዛሬ ኩልመስክ ወርደው ሊያለቅሱ ነው። እውነቱን ልነግራቸው ቀረብሁ። ዐይናቸው አብጧል። አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው «እግዜር ያጽናዎ» ነው። እጄን ይዘው «አንተን ይወድህ ነበር፤ ሰነፍ ነው ይልህ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ መናገር አልቻልሁም።

የባሰው ይኸውና። አቶ ሞላ «ባሏ በቁሙ ሳለ ፈቃድ ያስፈልጋት ነበር፤ ባሏ የሞተባት ሴት ግን ማንን ትጠይቃለች?» ብለዋል። በዓታ ስምንት ቀን ቀራት። የኔታ፣ እርስዎ የዘጉትን በር እኔ በገጽ አሥራ አምስት ከፈትሁት።

ይህ ደብዳቤና እትዬ ጥሩነሽ በአንድ ሚኒባስ ይመጣሉ። እሳቸው ከሾፌሩ ጎን ናቸው፤ ደብዳቤው ከራሳቸው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የፀሐይ መከላከያው ላይ ተሰክቷል። እሳቸው አጠገቡ ስላሉ ለሙሐዲንም መንገር አልቻልሁም። ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስዎ አላውቅም። እባክዎ ደጅ ይቁሙ። ከሩቅ ይታዩ። ይተንፍሱ፣ በጉልህ።

ሰይፈ ሥላሴ


ኩልመስክ
ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰይፉ፣

ቀድማ የደረሰችው እርሷ ናት። ደብዳቤህን አመተ ጊዮርጊስ ያቀበለችኝ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ጥቁር ለብሳ፣ ስሜን እየጠራች እያለቀሰች ቁልቁለቱን ስትወርድ አየኋት። ሰፈሩ ገበያ ወርዶ ነበር። አመተ ጊዮርጊስ «ኧረ አልሞተም!» ልትላት ሮጠች፤ ግን ለቅሶዋን ስትሰማ አብራት አለቀሰች። «የተጀመረ ለቅሶ እንዴት ይቋረጣል?» አለችኝ በኋላ፣ እኔን እየተቆጣች። እኔስ? ደጅ መቆም የሚገባኝ ሰውዬ ከጎታው ጀርባ ገባሁ። ፍርሃት ብቻ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ልትለኝ እንደምትችል አልሰማሁምና መስማት አማረኝ።

መደቤ ላይ ተቀመጠች። እንዲህ አለች፦

«አንተ ሰው! ጨው ሲበዛ ድምፅህን የሰማሁ፣ ጨው ሲያንስ ድምፅህን የሰማሁ፤ ልክ ሲሆን ምን ይል ይሆን ብዬ ዕድሜዬን የጠበቅሁ! ስወጣ ወዴት ያላልኸኝ፣ ስገባ ከወዴት ያላልኸኝ! ሠላሳ ዓመት ካንተ ጋር ኖሬ...»

«ሠላሳ አንድ» አልሁ።

በማርያም፣ አስቤ አይደለም። ከአፌ አመለጠኝ። አርባው ቀን አልፏልና ማረም የተፈቀደልኝም መስሎኝ ይሆናል።

አመተ ጊዮርጊስ ሦስት ጊዜ አማተበች። ጥሩነሽ አልጮኸችም፣ አልሸሸችም። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ጎታው እያየች «ሞቶም ያርማል» አለች።

ወጣሁ። ራሴ ላይ የገብስ ገለባ ነበር። ብዙ አየችኝ። አንድ አፍታ ደስ ያላት መሰለኝ፤ እጇም ገለባውን ልታነሣልኝ ከፍ ብሎ ነበር፣ ከመንገድ ተመለሰ። ከዚያ «እኔ እርሜን አውጥቻለሁ» አለች። «እንግዲህ የቀረው ፈቃድህ ነው። ለበዓታ ፍላቂት መጥተህ በሽማግሌ ፊት አሰናብተኝ። ካልመጣህ ባሌ ሞቷል እላለሁ። ምስክር አለኝ፤ አርባህን የበላ ሁሉ ምስክሬ ነው።» በመጣችበት መኪና ተመለሰች።

ይህን ደብዳቤ ሰኞ የሚያመጣልህ ሚኒባስ እኔንም ይዞ ይመጣል። ላሊበላ ዘመድ ቤት አድሬ ማክሰኞ ማለዳ ፍላቂት እወጣለሁ። ቢሮህ ግን አልመጣም። አንደኛ ወንበር የለህም፤ ሁለተኛ አፍራለሁ። መልስህን ለሙሐዲን ስጠው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ እዚያ ቆሜ ምን ልበላት? ልቧን የሚመልስ ቃል ካለ ጻፍልኝ፤ ዜማ አድርጌ እንኳ አጠናዋለሁ።

ኢያቄም


ላሊበላ
ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔታ፣

ቃሉን አላውቀውም።

አሥራ ሁለት ደንበኞች የሉኝም። ያለኝ እርስዎ ነዎት። ወንበሩንም የሰበረ ደንበኛ የለም። ቢሮዬ ሁለት ወር ሙሉ ማንም ስላልገባበት፣ ያን ቀን ከጠረጴዛዬ ተነሥቼ በደንበኛው ወንበር ተቀመጥሁና ለባዶው የእኔ ወንበር ሥራ ማጣቴን አስረዳሁት። ገና ግማሽ ሳልደርስ ወደቅሁ። ከወለሉ ላይ ሆኜ ሳስብ፣ «እንዴት ነህ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር አልሁ። ከዚህ በቀር የማውቀው የለም፤ ጥራዙም ላይ የለም።

ስለዚህ ምንም አይበሏቸው። ይጠይቋቸው። መልሱን የማያውቁትን አንድ ነገር። የመለሱልዎትን አያርሙት።

ተማሪዎ
ሰይፈ ሥላሴ


ፍላቂት
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰይፈ ሥላሴ

እንዴት ነህ? ይህን ለሰላምታ አልጻፍሁትም፤ እየጠየቅሁህ ነው። በሰባት ዓመት ትምህርት አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም። በሚቀጥለው ሙሐዲን መልሱን ላክልኝ።

በዓታ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ቆቡ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ አንድ አሮጌ መነኩሴ ጭን ላይ ነበር። መነኩሴው «ታሰናብታታለህን?» አሉኝ። ሁለተኛም ጠየቁኝ። ጥሩነሽ መሬት መሬት ታያለች። የነገርኸኝን አስታወስሁና የማላውቀውን ፈለግሁ፤ መከራው ሰይፉ፣ የማላውቀው በዛብኝ። መጨረሻ ላይ ጉንጯን ይዛ ምድጃው ጥግ ስትቀመጥ ታየኝ።

«ጥርስሽን አሁንም ያምሻል?» አልኋት።

ሰው ሁሉ ዞረ። እርሷም ቀና አለች።

«የቱን ጥርሴን?»

«የግራውን።»

«ተነቅሏል» አለች። «ሁለት ዓመቱ።»

«ማን ነቀለልሽ?»

«ሞላ ነው የወሰደኝ። አንተ ለበዓል ላሊበላ ነበርህ።»

«አመመሽ?»

«በጣም።»

ሁለት ዓመት አይደለም፤ ሦስት ነው። ላሊበላ ለበዓል የሄድሁበትን ዓመት ልቅም አድርጌ ዐውቃለሁ። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልሁ። ጥሩነሽ አፌን ታየዋለች።

«ልታርመኝ ነው» አለች።

«አይደለም።»

«ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል።»

ያን ጊዜ ሳቀች። እጇን አፏ ላይ ብትጭንም ከጣቶቿ መሀል ወጣባት። ሞላ ሳቀ፣ ሽማግሌዎቹም ሳቁ። እኔ ብቻ ነበርሁ የማለቅሰው። መነኩሴው ቆቡን እንደተጠቀለለ ብብታቸው ሥር አደረጉና «በምትስቅ ሴት ላይ የምንኩስና ፍትሐት አላነብም። ሳቋን ትጨርስና ከጥምቀት በኋላ ትምጣ» ብለው ተነሡ።

አልተመለሰችም። ወንድሟ ቤት ነች። እኔ የሙሐዲን ዘመድ ባከራየኝ ክፍል ነኝ። በቀን አንድ ጥያቄ ተፈቅዶልኛል፣ ከአጥር ውጭ ቆሜ። እስከ ዛሬ ዘጠኝ ጠይቄያለሁ። በአራተኛው ቀን ጨው ጨርሶ እንደማትወድ ሰማሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ለእኔ ስትጨምር ኖራለች። በሰባተኛው ቀን የጠየቅሁትን አልጽፍልህም። ከጥምቀት በኋላ ምን እንደምታደርግ ስጠይቃት ግን «ይህ የነገ ጥያቄ ነው» ትለኛለች፤ በማግሥቱም እንዲሁ ትላለች። ቀኖቹን እየቆጠርሁ ነው።

ሙሐዲን ከአሮጌ ሚኒባስ የተነቀለ መቀመጫ ይዞልህ ይመጣል። አራት ሰው ተሸክሞ የኖረ ነው፤ አይሰበርም። የኅዳር 29 ደብዳቤህን አላረምሁትም፤ ነጥብም አልሰጠሁትም፤ በደረት ኪሴ ይዤዋለሁ።

በመጨረሻም ለመዝገብህ የሚከተለውን አስፍር፦

እርማት

ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ከኩልመስክ በተጻፈው ደብዳቤ «ጥሩነሽን በክፉ ቃል አነጋግሬያት አላውቅም» ተብሎ የተገለጸው ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። «በክፉ ቃል» የሚለው ተሠርዞ «ጥሩነሽን አነጋግሬያት አላውቅም» ተብሎ እንዲነበብ በትሕትና አሳስባለሁ።

መሪጌታ ኢያቄም

ግልባጭ፦
ለጥሩነሽ፣ በአጥር በኩል